የሕፃናት የመተንፈሻ ቱቦ በአልትራሳውንድ ሲመረጥ፦ ችግርና መፍትሔ

በጎንደርና በዙሪያዋ ሕፃናትን በሰመመን የሚያስተኛ ባለሙያ ቀድሞ የሚገጥመው ችግር፣ በዕድሜ ቀመር የተመረጠው ቱቦ ከልጁ ጉሮሮ ጋር አለመስማማቱ ነው። ቀመሩ ዕድሜውን ለ4 አካፍሎ፣ ካፍ (በቱቦው ጫፍ አካባቢ ያለ የሚነፋ ከረጢት) ለሌለው ቱቦ 4፣ ካፍ ላለው 3.5 የሚደምር ሲሆን፣ የሚሠራውም ዕድሜው በትክክል ለታወቀና እንደ ዕድሜው ላደገ ልጅ ነው። ከደምቢያ ወይም ከጃን አሞራ ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ለጥምቀት አምስት ይሞላዋል» ስትል ካርዱ ላይ 4 ይጻፍ ወይስ 5 የሚወስነው መዝጋቢው ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት በቀመሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያመጣም፣ ቱቦዎቹ የሚለያዩት በ0.5 ስለሆነ ትልቁን ወይም ትንሹን ለማንሣት ይበቃል። የቀነጨረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ዕድሜም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል።

መፍትሔው ዕድሜውን ትቶ የአየር መንገዱን ጠባብ ቦታ፣ ማለትም ክሪኮይዱ (ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው ቀለበት መሰል ልም አጥንት) ያለበትን ደረጃ በአልትራሳውንድ መለካት ነው። ልጁ በጀርባው ተኝቶ አንገቱ በመጠኑ ቀና ይደረግና፣ ሊኒየር ፕሮብ (ፊቱ ቀጥ ያለ የአልትራሳውንድ መዳሰሻ) በአንገቱ ፊት ላይ አግድም ይቀመጣል። በመጀመሪያ የድምፅ አውታሮቹ እንደ ጥንድ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ፕሮቡ ቀስ እያለ ወደ ደረት ሲወርድ ጠቆር ያለው የክሪኮይድ ቅስት ብቅ ይላል። የሚለካው በዚያ ደረጃ የአየሩ ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ስፋት ነው። የኋላውን ግድግዳ አየሩ ስለሚጋርደው ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ርቀት ለመለካት መድከም አያስፈልግም።

ልኬቱ ተወስዶም ቱቦው አልገባ ሲል፣ በእኔ አስተያየት በቅድሚያ የሚጠረጠረው ማሽኑ ሳይሆን የቱቦው ቁጥር ነው። አልትራሳውንዱ የሚሰጠው ከቱቦው የውጭ ስፋት ጋር የሚነጻጸር ልኬት ሲሆን፣ ቱቦው የሚጠራበት ቁጥር ግን የውስጡ ነው። ስክሪኑ 5.8 ሚሊ ሜትር ስላሳየ 5.5 ቁጥር የሚያነሣ ሰው፣ ውጩ ከ7 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቱቦ ይዟል ማለት ነው። የውጭው ስፋት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ቱቦው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ የታተመውን አንብቦ ከ5.8 የማይበልጠውን መምረጥ ይገባል። ካፍ ያለው ቱቦ ሲሆን፣ ያልተነፋው ካፍ እጥፋት ራሱ ውፍረት እንደሚጨምር መዘንጋት አይገባም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለም ካልገባ፣ ፕሮቡ ዘንበል ብሎ ስፋቱን አጋንኖ እንደሆነ፣ ወይም ልኬቱ ከክሪኮይዱ ሌላ ደረጃ ላይ ተወስዶ እንደሆነ ይጣራል።

ልኬቱ በተደጋገመ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ ነው። ልጁ በማስክ በሚገባ ኦክስጅን ካገኘ በኋላ፣ አየር መስጠቱ ለአፍታ ቆሞና የአየር መንገዱ ግፊት ወርዶ ምስሉ እንዲቆም ይደረጋል፤ ልኬቱ የሚወሰደው ማስኩ ከተመለሰ በኋላ በቆመው ምስል ላይ ነው። ሕፃናት ኦክስጅናቸው ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ጥሩ ምስል ፍለጋ ይህን አፍታ ማስረዘም አይፈቀድም።

ምስሉ ከደበዘዘ ጄል ይጨመር፣ ጥልቀቱም ይቀነስ። እጅን መጫን ግን አይረዳም፤ የሕፃን አንገት ለስላሳ ስለሆነ ጫናው ራሱ ልኬቱን ያዛባል።

ቱቦው ከገባ በኋላ የመጨረሻው ዳኛ የአየር ማፍሰስ ፍተሻው (በቱቦው ዙሪያ አየር ማምለጡን ማየት) ነው፤ አልትራሳውንዱ ይህን አይተካም። ካፍ በሌለው ቱቦ ግፊቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃ ደርሶም በአንገቱ ላይ በስቴቶስኮፕ የሚያፈስ ድምፅ ካልተሰማ ቱቦው ጠብቋል፤ በ0.5 ያነሰው ይግባ። በአነስተኛ ግፊት ብዙ ካፈሰሰና ልጁ በቂ አየር ካላገኘ፣ በ0.5 የሚበልጠው ወይም ካፍ ያለው ይተካል። የካፉ ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ይለካ እንጂ ከካፉ ጋር የተያያዘችውን የውጭ ፊኛ በጣት ጨብጦ አይገመት፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውሃም አይለፍ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ትንፋሽ ሲገባ የሚጮኽ ከሆነ እብጠት መኖሩን ያመለክታል፤ ኦክስጅን፣ በጉም መልክ የሚሰጥ አድሬናሊንና እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ያስፈልጋሉ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የክሪኮይዱ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጠብባቸው ስለሆነ፣ ለእነርሱ በቁጥር ያነሱ ቱቦዎች ከልኬቱ በፊት ይዘጋጃሉ።