የማታ አርቲ በቤት ውስጥ፦ መብራቱን ከዝማሬው ጋር ማስማማት

አርቲ ሂንዱዎች በአምላክ ምስል ፊት የሚነድ መብራት እያዞሩ የሚያቀርቡት የአምልኮ ሥርዓት ሲሆን፣ በቤተ መቅደስ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በመኖሪያ ቤት ደግሞ በአብዛኛው ጠዋትና ማታ ይፈጸማል። እዚህ የቀረበው በሰሜን ሕንድ ሂንዲ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደው የማታው አርቲ ነው። በሕንድ የሚማሩ ወይም ሕንዳዊ ጎረቤት ያላቸው አንባቢዎች አንድ ቀን መጋበዛቸው ስለማይቀር ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው ሳህኑና ነበልባሉ ላይ ነው፤ የእጁን ፍጥነት፣ የቅቤውን መጠንና ካፉሩ (ካምፎር የሚባለው ሽታ ያለው ነጭ ነገር) የሚለኮስበትን ጊዜ የሚወስነው ግን ዝማሬው ነው።

በቅድሚያ ሳህኑ ይሰናዳል። ታሊ በሚባለው ዝርግ የናስ ሳህን መካከል ዲያ፣ ማለትም ትንሹ መብራት፣ ይቀመጥና በዙሪያው አበባ፣ ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት፣ ያልተሰባበረ ሩዝና ሰንደል ይደረደራሉ። ፈትሉ የሚሠራው ንጹሕ ጥጥ በሁለት መዳፍ መካከል እየተሸከረከረ እስኪጠብቅ ድረስ በማሸት ነው። ከዚያ በቀለጠ ቅቤ በደንብ ይነከርና ጫፉ ብቻ ከዲያው ከንፈር ብቅ እንዲል ይደረጋል፤ ጫፉ ከረዘመ ነበልባሉ እየተንቦገቦገ ጥቀርሻ ያበዛል። ቅቤው ምንም ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ መሆን ስላለበት፣ በአገራችን በኮረሪማና በኮሰረት የሚነጠረው ለዚህ አይሆንም። ቅቤ ካልተገኘ የሰሊጥ ዘይት ይተካዋል። የፈትሎቹ ቁጥር ጎዶሎ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ወይም አምስት የተለመደ ነው። መብራቱ በዝማሬው መካከል እንዳይጠፋ ቅቤውን ትንሽ አትረፍርፎ መጨመር ይሻላል።

ከአርቲው በፊት ቤተሰቡ ወለል ላይ ተቀምጦ ባጃን፣ ማለትም የምስጋናና የናፍቆት መዝሙር፣ ይዘምራል። ብዙዎቹ ግጥሞች የጥንት ባለቅኔዎቹ የሚራባይ፣ የሱርዳስ፣ የቱልሲዳስና የካቢር ሲሆኑ፣ ሃርሞኒየም በሚባለው በአየር ግፊት በሚሠራ ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ዶላክ በሚባለው ባለ ሁለት ፊት ከበሮና በትንንሽ የናስ ጸናጽሎች ይታጀባሉ። መሪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ባጃኑ ዝግ ብሎ ቢዘመርም፣ ቢረዝምም፣ ቢያጥርም ችግር የለውም። አርቲው ሲጀመር ግን ሁሉም ይነሣል።

በሰሜን ሕንድ በብዛት የሚሰማው የአርቲ መዝሙር «ኦም ጃይ ጃግዲሽ ሃሬ» ነው። የፑንጃቡ ፓንዲት (ሊቅ) ሽራዳ ራም ፊላውሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰው ሲሆን፣ የዓለም ጌታ ለተባለው ለቪሽኑ ቢጻፍም በየትኛውም አምላክ ፊት ይዘመራል። አወቃቀሩ ለእንግዳ የተመቸ ነው። በየስንኙ የመጨረሻው ግማሽ «ስዋሚ» የሚለው ቃል ከፊቱ ገብቶ ይደገማል፤ ስለዚህ አዝማቹን የያዘና በስዋሚው ላይ የሚገባ ሰው ሌላውን ባያውቅም ከመቀበል አይጎድልም። በምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በማሃራሽትራ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው በማራቲ ቋንቋ የዝሆን ራስ ላለው አምላክ ለጋኔሽ ለሚዘመረው አርቲ ነው።

ሳህኑ በቀኝ እጅ፣ ቃጭሉ በግራ እጅ ይያዛል። ሳህኑ የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። በሰፊው በሚታወቀው ልማድ መሠረት በምስሉ እግር ፊት አራት ጊዜ፣ በእምብርቱ ፊት ሁለት ጊዜ፣ በፊቱ ፊት አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻም መላ አካሉን አካቶ ሰባት ጊዜ ይዞራል። በብዙ ቤት ይህን የሚቆጥር የለም፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ያለማቋረጥ ይዞራል። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ የሚቆጥር ሰው ዜማው ያመልጠዋልና። ክንድ የሚዝለው ደግሞ ከትከሻ ሲያዞሩ ስለሆነ፣ ክርን ወደ ጎን ተጠግቶ ዙሩ ጠበብ ቢል ይመረጣል።

ካፉር የሚጨመር ከሆነ የሚለኮሰው የመጨረሻው ስንኝ ሲደርስ ነው፤ ቶሎ ነድዶ አመድ ሳያስቀር ያልቃል። በክፍት ዕቃ ከተቀመጠ በራሱ እየተነነ ስለሚጠፋ በሚገጥም ክዳን መያዝ አለበት። ከመዝሙሩ ቀጥሎ ብዙዎች አምላኩን ሺቫን እንደ ካፉር ነጭ ነው እያለ የሚያወድሰውን አጭር የሳንስክሪት ጥቅስ ይደግማሉ።

በመጨረሻ ሳህኑ በተሰበሰቡት ፊት ይዞራል። እያንዳንዱ መዳፎቹን ከነበልባሉ በላይ ለአፍታ ዘርግቶ ዓይኑንና ግንባሩን ይዳስሳል፤ የወደደ ሳንቲም ያኖራል። ከዚያ ፕራሳድ፣ ማለትም ለአምላክ ቀርቦ የተባረከው ጣፋጭ ወይም ፍራፍሬ፣ በቀኝ መዳፍ ይሰጣል። ሃይማኖቱ ይህን የማይፈቅድለት እንግዳ ለአስተናጋጁ አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው። ጫማውን አውልቆ በጸጥታ ከቆመና ሳህኑ ሲደርሰው ሁለት መዳፉን ገጥሞ ጎንበስ ካለ የሚቀየመው አይኖርም።

መብራቱ እስትንፋስ ርኩስ ያደርገዋል ተብሎ ስለሚታመን በአፍ እፍ አይባልም፤ ቅቤው አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ከመጋረጃና ከሕፃናት ርቆ ይቀመጣል። በናሱ ላይ የቀረው ጥቀርሻ በሎሚና በጨው ታሽቶ ይለቃል፤ ለማግስቱ እንዳይደርቅበት ዲያው በዚያው ሌሊት ቢታጠብ ይሻላል።