የአሹራውን ጅብ ወደ ሚና ጨዋታ ማምጣት፦ ከገንፎው ጀምሩ

በሐረር ለአሹራ በዓል ጅብ ገንፎ ይቀርብለታል። ቅቤ የጠገበ ገንፎ። ቀድሞ የሚቀምሰው የመንጋው አለቃ ነው። ሰው ቆሞ ያያል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ይጠብቃል። ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ሳይነካው ከሄደ ወይም ጠርጎ ከጨረሰው ግን ረሃብና በሽታ ይፈራል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚታየኝ። ይህ እኮ ያለቀለት የጨዋታ ሕግ ነው። ዳይሱ ብቻ ነው የቀረው።

ለማያውቀው ሰው፣ ሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ ጀግና፣ ሌባ፣ ጠንቋይ ሆነው ይገቡበታል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የወጣው። እዚያ ውስጥ ጅብ መሳይ ፍጡር አለ፤ ኖል ይባላል። የጅብ ራስና የሰው ቁመና ያለው፣ መግደልና መብላት ብቻ የሚያውቅ አውሬ ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ጅብ ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። እንዴት እንደምናመጣው እነሆ።

መጀመሪያ፦ ውሉን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከጥርሱ ነው። ስንት የሕይወት ነጥብ አለው፣ ማለትም እስኪወድቅ ምን ያህል ጉዳት ይችላል? ስንት ይጎዳል? ይህን ለመጨረሻ አቆዩት። የበዓል ፍጡር ከተራ ጭራቅ የሚለየው ከሰው ጋር ውል ስላለው ነው። በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፣ የሚሰጠው አለ፣ የሚመልሰው አለ።

የሐረሩ ውል በአፈ ታሪክ እንዲህ ነው። ጥንት ክፉ ረሃብ ገባ። ጅቦቹም ተራቡና ሰው መብላት ጀመሩ። ደጋግ አባቶች ተመካከሩ፤ ለጅቦቹ ገንፎ ይሰጣቸው አሉ። ጅቦቹ ሰውን መንካት ተዉ። በዓሉ ያንን ስምምነት በየዓመቱ ያድሳል።

አሁን ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። ሰው ምን ይሰጣል? ፍጡሩ ምን ይመልሳል? ውሉ ቢፈርስ ምን ይመጣል? ለእኛ መልሱ፦ ገንፎ፤ ሰላም፤ ረሃብ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ አንድ ቃል መመለስ ካልቻላችሁ የመረጣችሁት ፍጡር ገና አልበሰለም፤ ሌላ ፈልጉ።

ውሉ በገንፎ ብቻ አያበቃም። በሐረር ጅብ ሌሊት ከተማ ገብቶ ጂን ይበላል የሚል እምነት አለ። ማለትም ጅቡ ጥራጊ ብቻ ሳይሆን ክፉ መንፈስም ያጸዳል። ይህን ያዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ አትቀላቅሉ። ለጎብኚ በየምሽቱ ሥጋ በእንጨት የሚያበሉት ሰዎች ትርኢት ሌላ ነው፣ የአሹራው ገንፎ ሌላ። ለጨዋታ የሚሆነው ሁለተኛው ነው።

ቀጥሎ፦ የሃይማኖቱን ቀን ተዉት፣ ሥርዓቱን ውሰዱ

አሹራ የሙሐረም ወር 10ኛ ቀን ነው፤ ሰው የሚጾምበትና የሚጸልይበት ቀን ነው። ጸሎቱን፣ ቅዱሳኑን፣ የበዓሉን ስም ጨዋታ ውስጥ አታስገቡ። ዳይስ የሚጣልበት ነገር አይደለም። ገንፎውን፣ የከተማውን ግንብ፣ ጅብ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ውሉን ውሰዱ፤ ለከተማውም ለበዓሉም አዲስ ስም ስጡ። እኔ «የገበታ ሌሊት» ብዬዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሐረሪ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ አማክሩት። ከእናንተ የተሻለ ታሪክ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ፍጡሩን ወደ ሌላ ዓለም ስትወስዱ ክብሩ አብሮት ይሂድ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። የእናንተን ጅብ ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቁርበቱ ተነጥፎ ይጠብቀው። ልጆች ሲያልፍ ዝም ይበሉ፤ አሮጊቶች በአንቱታ ይጥሩት። ተጫዋቾቹ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች ከሆኑ ይህን ሲያዩ መጠየቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ታሪኩን ለመንገር እናንተ ሳትሆኑ እነሱ ይቸኩላሉ።

ካርታው

በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ ጁገልን የሚያህል ካርታ አታገኙም። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ጥንታዊዎቹ በሮች 5 ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በሐረሪኛ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። አስቡት፤ ከተማ ለጠላት ግንብ ሠርቶ ለጅብ መግቢያ ሲተው።

በካርታችሁ ላይ 5 በርና ጥቂት ቀዳዳ ሳሉ። በሮቹ ማታ ይዘጋሉ፤ ቀዳዳዎቹ አይዘጉም። ተጫዋቾቻችሁ ውስጥ ሌባ ካለ ሌሊት በቀዳዳው መሹለክ ያምረዋል። ይሹለክ። ውስጡ ጠባብ ነው፣ በሆድ ነው የሚታለፈው፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ የሚመጣ አለ።

ገበታው፦ ዋናው ሕግ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያዙ። በበዓሉ ሌሊት አንድ ተጫዋች ሁለቱንም ይጣል፣ ድምሩን እዩ።

2 ወይም 3፦ አሽትታ ሄደች። መቅሰፍት።
ከ4 እስከ 6፦ ከግማሽ በታች በላች። የችግር ዓመት።
ከ7 እስከ 10፦ ከግማሽ በላይ በልታ አስተረፈች። ጥጋብ።
11 እና ከዚያ በላይ፦ ጠርጋ ላሰች። ረሃብ።

«በላች» ያልኩት አውቄ ነው። አያ ጅቦ ብለን አድገናል፤ የነጠብጣም ጅብ መንጋ የሚመራው ግን በሴት ነው። ሴቷ በአካልም ትበልጣለች። አለቃችሁ ንግሥት ትሁን።

ከ36ቱ የዳይስ ውጤቶች 18ቱ መልካሙ ላይ ይወድቃሉ። ማለትም ዝም ብለው ቢጥሉ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጨዋታው ያለው ዕድሉን በማዘንበሉ ላይ ነው። ከበዓሉ በፊት ለሠሩት መልካም ሥራ 1 ይደመር፣ ለበደሉት 1 ይቀነስ። ቀዳዳዎቹን ጠርገው ከሆነ ይደመር። በዓመቱ ውስጥ ጅብ ተገድሎ ከሆነ ይቀነስ። ውበቱ ደግሞ ብዙ መደመርም አደጋ መሆኑ ነው። ንግሥቲቱን ለማስደሰት ከመጠን በላይ የተሯሯጠ ቡድን 11 ላይ ይወጣና ገበታው ባዶ ይቀራል።

ለጀብዱ መነሻ ቅቤውን ተጠቀሙ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የተጠራቀመው ቅቤ ጠፋ በሉ። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ብቻ አለ፤ ቅቤው ቢጫ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ሲቀልጥ ግን ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ቅቤ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የእኛ ተጫዋቾች ለግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አንዷ «ጅብ ምን ያውቃል» አለች። ሌላው ደግሞ «ጅብ ሞቶ የሰነበተ ሬሳ ከሩቅ የሚያሸት ነው፣ እንዴት አያውቅም?» አላት። በመጨረሻ ገዙት። 1 ተቀነሰባቸው፣ 6 መጣ። ሰባት ይሆን የነበረው ዓመት በሙዝ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ የሦስት ወር ጨዋታችን ያንን ነጋዴ ፍለጋ ሆነ።

አሁን ጥርሱን

ውጊያ እንዳይኖር ብትመኙም አንድ ሰው ሰይፍ መምዘዙ አይቀርም። ከባዶ አትነሡ። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ግዙፍ ጅብ አለ፤ የሕይወት ነጥቡ 45፣ የመከላከያ ቁጥሩ (እሱን ለመምታት በባለ 20 ገጽ ዳይስ መድረስ ያለበት ቁጥር) 12 ነው። እሱን ውሰዱና አእምሮውን ከፍ አድርጉ፤ በጨዋታው የማሰብ ችሎታው 2 ብቻ ነው፣ ውል የሚያስታውስ ፍጡር ግን ቢያንስ 12 ይገባዋል። ከዚያ ሁለት ችሎታ ጨምሩ።

አንደኛው ከተረታችን ይወጣል፦ «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ።» ንግሥቲቱ በመጀመሪያው ዙር እያነከሰች ትቅረብ። ደካማ መስላው የቀረባት ተጫዋች ላይ ለመጀመሪያ ንክሻዋ ሁለት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ከፍተኛው ይወሰድ። ይህን ስትተርኩ አትቸኩሉ። ኋላ እግሯ መሬት እየጫረ፣ አንገቷ ወደ ታች፣ ዓይኗ ግን ከተጫዋቹ ላይ ሳይነሳ። ተረቱን የሚያውቅ ተጫዋች ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ዕውቀቱም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ያ የጂን ነገር ነው። በጨዋታው መንፈስን ተራ መሣሪያ እምብዛም አይጎዳውም። የንግሥቲቱ ንክሻ ግን ሙሉ በሙሉ ይጉዳው። ያኔ ተጫዋቾቹ ነገሩ ይገባቸዋል፤ እሷን ከገደሉ ከተማው ውስጥ ያለውን መንፈስ የሚበላው አይኖርም።

ድምፅ ልስጣት ወይ ለሚል፣ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ጅብ የእረኛን ስም ተምሮ፣ ሌሊት በስሙ ጠርቶ አውጥቶ ይበላዋል የሚል ወሬ ጽፏል። አሪፍ የሌሊት ትዕይንት ይወጣዋል። እኔ ግን አልተጠቀምኩበትም። የገበታ ንግሥት ሳትናገር፣ በበላችው ልክ ብትናገር ይሻላል።

የመጨረሻው ዝግጅት

ጨዋታው ሲደርስ እውነተኛ ሳህን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡ። ገንፎ መሥራት ከቻላችሁ ሥሩ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ቅቤውን አፍስሱበት፤ ካልቻላችሁ 10 ባቄላ ይበቃል። ዳይሱ ተጥሎ ውጤቱ ሲታወቅ ዝም በሉና በበላችው ልክ አንድ በአንድ አንሡ። የእኛ ሰዎች አምስተኛው ባቄላ ላይ ሲደርስ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። የቀረውን በቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ በጨዋታው ዓለም እስከሚቀጥለው የገበታ ሌሊት ድረስ የእህል ዋጋ በዚያ ቁጥር ይወሰናል።