ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጎረቤት እንክብካቤ አጭር የቪዲዮ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ሠርተውና ልጅ አሳድገው ይኖራሉ፤ ካሜራ ግን ዛሬም ወደ ታማሚ አልጋ መሄድ ይቀናዋል። በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ በእጅ ስልክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ለመሥራት ያሰበ ሰው በቅድሚያ ሕመሙን ትቶ አስታማሚውን ይምረጥ፦ በሕክምና ቀጠሮ ቀን የታማሚዋን ልጅ የምትይዝ ጎረቤት በቂ ታሪክ ናት።

ሁለተኛው ሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ቡና ላይ በሰው ፊት የተሰጠ «እሺ» ይሉኝታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሳምንት በኋላ ባለታሪኳን ለብቻዋ ደግመው ይጠይቋት፤ የእድር ዳኛው ፈቃድ የእሷን አይተካም። ቪዲዮው የት እንደሚታይ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር አይመለስምና።

ቀረጻው ላይ አይቸኩሉ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሲነቃነቅ ክኒኖቹ ይንኳኳሉ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ውስጡ ጥጥ የሚጠቀጥቁ ሰዎች አሉ። የታማሚዋ ጣቶች ጥጡን ሲያወጡ፣ ክኒኗ መዳፍ ላይ ስታርፍ፣ ጎረቤቷ ውኃ ስታቀብል፣ ይህን ሁሉ ሳይቆርጡ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ስልኩን ከብልቃጡ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይቅረጹ። በብልቃጡና በቀጠሮ ካርዱ ላይ ያለውን ስም አስቀድመው ይሸፍኑ። ፊትን በኋላ ማደብዘዝ ሰውን ተጠርጣሪ ያስመስላል፤ ከመነሻው እጅንና ጀርባን መቅረጽ ይሻላል። በትንሽ ከተማ ግን ሰው በድምፁ፣ በቀለበቱ፣ በነጠላው ጥለት ሳይቀር ይታወቃል።

የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን በሴኮንድ 25 ምስል ላይ ማድረግ የአምፖሉን ብልጭልጭታ ይቀንሳል። ከደብረ ብርሃን የጠዋት ቁር ወጥተው የቡና ውኃ ወደሚፈላበት ቤት ሲገቡ ሌንሱ ጉም ይለብሳልና፣ እስኪሞቅ ይጠብቁ። ለድምፅ ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪዋ አጠገብ ያኑሩ።

ሲያቀናብሩ አንድ አጭር ጽሑፍ ያስገቡ፦ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ያለው የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ተመልካች ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ በዕይታው ዕለት የጤና ባለሙያ ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ ያብራራዋል።

ከሁሉ በፊት የምታየው ባለታሪኳ ትሁን፤ «ይቆረጥ» ያለችው ይቆረጣል። የዓለም የኤድስ ቀን በአብዛኛው ዓመት ህዳር 22 ላይ ይውላል፤ የኒው ዮርክ ሠዓሊያንና ሙዚየሞችም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀኑን ኤድስ የነጠቃቸውን በማሰብ ያከብሩታል። እዚህ በዚያ ቀን አንድ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ ለእድርተኛው ማሳየት ይበቃል። ዕይታው ሲያበቃ ያልተጠቀሙበትን ቀረጻ ሁሉ ባለታሪኳ እያየች ከስልኩ ያጥፉት።