ተከታታይ ድራማን በክፍት ፍጻሜ ስትዘጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ክፍት ፍጻሜ የምንለው ታሪኩ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆን ተብሎ ለተመልካቹ የተተወበትን አዘጋግ ነው። ይህን አዘጋግ የሚያበላሹት ጥፋቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ስክሪፕቱ ሲጻፍ ነው። የተወሰኑት ግን ፋይሉ ለጣቢያው ከተላከ በኋላ ስለሚመጡ ደራሲውም ዳይሬክተሩም ሳያዩአቸው ያልፋሉ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልብ አንጠልጣይን ክፍት ፍጻሜ ብሎ መጥራት

ልብ አንጠልጣይ፣ ማለትም ታሪኩን አደጋው መሃል ላይ ቆርጦ ቀሪውን ለቀጣይ የሚያቆይ አዘጋግ፣ ዕዳ ነው። ተመልካቹ «አሁን ምን ሊመጣ ነው?» ብሎ ከተነሣ መልሱን የመስጠት ግዴታ አለባችሁ። በክፍት ፍጻሜ ጊዜ ጥያቄው «ያየሁት ነገር ምን ነበር?» ይሆናል፤ ለመመለስ የሚያስፈልገው ማስረጃም ቀድሞ ታይቷል። «አልፍ» የተባለው የአሜሪካው ኤን ቢ ሲ አስቂኝ ተከታታይ በ1990 ዋናው ገጸ ባሕርይ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ሊወድቅ ሲል «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ቆመ። ጣቢያው ተከታታዩን አቋረጠው። ቀሪው ታሪክ የተነገረው በ1996 በወጣ የቴሌቪዥን ፊልም ነው፤ ዕዳው ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይከፈል ቆየ ማለት ነው።

ስፖንሰሩ ወይም ጣቢያው ለቀጣዩ ምዕራፍ ቁርጥ ያለ ቃል ካልሰጣችሁ ሁለት የመጨረሻ ትዕይንቶች ጻፉ፤ ሁለቱንም ቅረጹ። ታሪኩን የሚዘጋው ትዕይንት ከዚህ በፊት በቀረጻችሁበት ቤት፣ ከሁለት በማይበልጡ ተዋንያን፣ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ስክሪፕት ይሠራ። እንዲህ ከሆነ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ወጪውም ፕሮዲውሰሩን አያስፈራውም።

ክሩን ሁሉ ሳይቋጩ መተው

እያንዳንዱን የታሪክ ክር በአንድ ካርድ ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የውርሱ ክርክር፣ የተደበቀው ልጅ፣ የባልና ሚስቱ ፍቺ፣ የገዳዩ ማንነት። ከመጨረሻው ክፍል በፊት ባሉት ሁለት ክፍሎች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ካርድ መውረድ አለበት። ሦስት ካርድ ተለጥፎ ከቀረ ተመልካቹ የሚያየው ጥልቀት ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

ሕጉን ሳያስተምሩ መዝጋት

ከሁሉም የከፋው ጥፋት ይህ ነው። የአሜሪካው የኬብል ጣቢያ ኤች ቢ ኦ «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የዘጋው ጁን 10 ቀን 2007 ነበር። የማፍያው አለቃ ቶኒ ከቤተሰቡ ጋር እራት ቤት ተቀምጦ ሳለ ምስሉም ዘፈኑም በቅጽበት ተቆረጡ፤ ስክሪኑ ለ10 ሰከንድ ያህል ያለ ድምፅ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ብዙ ሰው የኬብል መስመሩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን የሞከሩ ደራሲዎች አብዛኞቹ የቀዱት ጥቁሩን ብቻ ነው። ጥቁሩ የሠራው ግን ከሱ በፊት በተደረገው ዝግጅት ነው።

በመጀመሪያ፣ የተቋጩትን ክሮች እዩ። በዚያው ክፍል የቶኒ ባላንጣ ተገድሏል፤ ልጁ ሥራ ይዟል፤ አጎቱ የማስታወስ ችሎታውን አጥቶ ቶኒን እንኳ ማወቅ ተስኖታል። ቀጥሎ፣ የእራት ቤቱን ትዕይንት አሠራር እዩ። የበሩ ደወል ይጮኻል፤ ቶኒ ቀና ይላል፤ ካሜራው እሱ የሚያየውን ያሳየናል። ይህ እየተደጋገመ ተመልካቹን ሕጉን ያስተምረዋል። በመጨረሻ ደወሉ ይጮኻል፣ ቶኒ ቀና ይላል፣ የሚከተለው ጥቁር ነው። ሕጉን የተማረ ዓይን ጥቁሩን «ቶኒ የሚያየው ይህ ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ያላነበበውም ቤተሰቡ እራቱን እንደቀጠለ ያምናል።

ዘሩም የተዘራው ቀድሞ ነው። ከስምንት ክፍል በፊት ቶኒና የእኅቱ ባል ጀልባ ላይ ሆነው ሞት ሲመጣ ሰው ድምፁን እንኳ ላይሰማው እንደሚችል ያወራሉ፤ ያ ንግግር ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ቶኒ ሲያስታውሰው ተመልሶ ይመጣል። በየሳምንቱ የሚተላለፍ ድራማ ይህ ማስታወሻ የግድ ያስፈልገዋል፤ ተመልካቹ ከሁለት ወር በፊት የሰማውን ረስቷልና። ክፍሎቹ በሙሉ በአንድ ቀን ለሚለቀቁ ድራማ ግን ዘሩን አንድ ጊዜ መዝራት ይበቃል። ሁለተኛው ድግግሞሽ ለዚያ ተመልካች ትናንት ማታ የሰማውን መልሶ መንገር ስለሚሆን ምሥጢሩን አስቀድሞ ያወጣዋል። አሁን ብዙ ድራማ መጀመሪያ በጣቢያ፣ ከዚያ በዩቲዩብ ስለሚታይ ለሁለቱም የሚሆን መንገድ አለ፤ በመጀመሪያ በንግግር ዝሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች ግን ያለ ንግግር፣ በዕቃ ወይም በድምፅ ብቻ አስታውሱ።

ለመነሻ የሚሆን ልክ፦ የመጨረሻው ትዕይንት የሚመካበት ሥርዓት ከመሰበሩ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታይ። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ገና ሥርዓት አይባልም።

በምስል መፍረድ

የኤች ቢ ኦ «ዘ ሌፍትኦቨርስ» የዓለም ሕዝብ 2 በመቶ በአንድ ቅጽበት ከተሰወረ በኋላ ስላለው ኀዘን ነው። በ2017 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ኖራ የተባለችው ሴት የተሰወሩት ወዳሉበት ሄዳ እንደተመለሰች ትናገራለች። ስትናገር ካሜራው ከተቀመጠችበት ቤት አይወጣም፤ የምትናገርለትን ዓለም አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) እንኳ አያሳይም። አሳይቶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በዚያው ይሞት ነበር። ኤዲተሮች ረጅም ንግግር ሲያዩ ማሳያ ምስል መደረብ ይቀናቸዋል፤ እዚህ ግን ይህን ልማድ ከልክሏቸው። ከተዋናይዋ ጋርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ እውነት ነው የምትናገረው ወይስ ውሸት? አንዱን መርጣ ትጫወተው። ሳትወስን ከገባች ፊቷ ላይ የሚቀረው «ምሥጢር አለኝ» የሚል ትወና ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ከመጨረሻው ሾት በኋላ ያለውን ለሌላ ሰው መተው

አውሮፕላናቸው ደሴት ላይ ስለተከሰከሰ ተሳፋሪዎች የሚተርከው «ሎስት» ሜይ 23 ቀን 2010 ሲያልቅ ኤ ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የተሳታፊዎቹ ስም በሚያልፍበት ጊዜ የአውሮፕላኑን ስብርባሪ በባዶ የባሕር ዳርቻ አሳየ። በድራማው ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የሆነው ሁሉ እውነት እንደነበር በግልጽ ተናግሮ ሳለ፣ ብዙ ተመልካቾች በዚያ ምስል የተነሣ ተሳፋሪዎቹ ከመጀመሪያው ሞተው ነበር ብለው ደመደሙ። ጣቢያው በኋላ ምስሎቹ የታሪኩ አካል እንዳልሆኑ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ጥቂት ሾት የስድስት ምዕራፍ ሥራ ትርጉም ቀየረ!

ዛሬ አደጋው ሰፍቷል። ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ስክሪኑን አሳንሰው ሌላ ሥራ ያቀርባሉ። በዩቲዩብ ደግሞ የመዝጊያ ሳጥኖቹ ከቪዲዮው የመጨረሻ 5 እስከ 20 ሰከንድ ላይ ይደረባሉ፤ የመጨረሻው ፊት እዚያ ላይ ከዋለ «ቀጣዩን ይመልከቱ» የሚል ሳጥን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ሾት በኋላ 20 ሰከንድ ጥቁር ወይም ስም ዝርዝር ጨምራችሁ ፋይሉን አውጡ። ለጣቢያው በምትልኩት ወረቀት ላይም በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከስክሪኑ ሥር የሚያልፍ የስፖንሰር ማስታወቂያ እንዳይኖር ጻፉ።

የጥቁሩ ርዝመት ለብቻው ይታሰብበት። ሁለት ሰከንድ ተራ መሸጋገሪያ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ዲሹ የጠፋ ወይም መብራት የሄደ የሚመስለው ሰው ይበዛል። የጣቢያው ዓርማ በጥቁሩ ላይ እንዲቆይ ማስደረግ ጥርጣሬውን ያስወግዳል፤ ትዕይንቱ የተቀረጸበትን ቤት ስስ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ማቆየትም እንዲሁ።

ሲጠየቁ መልሱን መስጠት

በማግስቱ ቃለ ምልልስ ይመጣል። ስለ አሠራሩ፣ ስለ ቀረጻው፣ ስለ ተዋንያኑ የፈለጋችሁትን ያህል ተናገሩ። የተወነው ሰው፣ ፕሮዲውሰሩና የድራማውን የፌስቡክ ገጽ የሚይዘው ልጅ ጭምር ስለዚያች አንዲት ጥያቄ ዝም እንዲሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሳይሞክሩ ማስተላለፍ

ድራማውን ከመጀመሪያው የተከታተሉ፣ በሥራው ያልተሳተፉ አምስት ሰዎች ጥሩና የመጨረሻውን ክፍል ለየብቻ አሳዩአቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ምን ሆነ?» እና «ይህን እንድትል ያደረገህ የትኛው ትዕይንት ነው?» መልሳቸው ተለያይቶ ሁሉም ትዕይንት ከጠቀሱ አዘጋጉ ሠርቷል። ሁሉም አንድ መልስ ከሰጡ አንዱ ማስረጃ በዝቷል፤ ቀንሱ። ትዕይንት መጥቀስ ካቃታቸው ዘሩ አልተዘራም። «ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው?» ካሉ ደግሞ የሠራችሁት ልብ አንጠልጣይ ነው። ሙከራው ከስርጭቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይደረግ፤ ዳግም ለመቅረጽ አንድ ቀን፣ ለኤዲቲንግና ለድምፅ ደግሞ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ።