ርካሽ የመኪና ጂፒኤስ፦ በሰሜን ሸዋ መንገድ የሚያሳየው ችግር፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በርካሽ የተገዛ ጂፒኤስ ሲያስቸግር ሰው ሁሉ የሚያማርረው ዕቃውን ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ መንዝ ስመላለስ የገጠመኝ ችግር ግን አብዛኛው ከካርታው፣ ከቻርጀሩ ወይም ከሴቲንጉ የመጣ ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ እነዚህን ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ፈትሹ። የገዛችሁም ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት አንድ በአንድ ሞክሯቸው።

መኪናው ባዶ ቦታ ላይ ይታያል፣ መንገድ የለም

ዋናው ችግር ይሄ ነው፤ ገንዘብ የሚያስበላውም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ጂፒኤሴን ስገዛ ሻጩ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች አንድ በአንድ አሳየኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ጣርማበር ላይ ወደ መዘዞ ስታጠፍ ግን መንገዱ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ቀስቷ ግራጫ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ እኔ ስሄድ እሷም ትሄዳለች፣ ከሥሯ ግን አንድም መስመር የለም።

ሳተላይቱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር፤ ያለሁበትን ነጥብ ያውቃል። ያ ነጥብ የትኛው መንገድ ላይ እንዳረፈ የሚናገረው ግን ዕቃው ውስጥ የተጫነው ካርታ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ዕቃዎች የሌላ አገር ካርታ ተጭኖባቸው ይመጣሉ። ኢትዮጵያ ብትኖርበትም ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ብቻ የተሣሉበት ይሆናል።

መፍትሄው ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ሻጩ አዲስ አበባን ሲያሳያችሁ እናንተ መዘዞን፣ መሐል ሜዳንና ዓለም ከተማን ፈልጉ። ሦስቱም ካልተገኙ ሌላ ዕቃ ጠይቁ። ቀጥላችሁ «ካርታው ይቀየራል ወይ? የሚሞሪ ካርድ ቦታ አለው ወይ?» በሉ። ለጋርሚን ዕቃዎች በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ከኦፕንስትሪትማፕ የተዘጋጀ ካርታ በነፃ አውርዶ በካርድ መጫን ይቻላል። ስም የሌላቸው ዕቃዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ፕሮግራም ካርታ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ሻጩ «በኋላ ይጫናል» ካላችሁ እዚያው ቆማችሁ እያያችሁ ይጫንላችሁ።

ስልካችሁ ጥሩ ከሆነ ደግሞ አዲስ ዕቃ ሳትገዙ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ አፕ ጭናችሁ የኢትዮጵያን ካርታ ቀድማችሁ አውርዱ። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ገንዘብ ለቸገረው ሰው እኔ መጀመሪያ የምመክረው ይሄንን ነው።

ከተማው ካርታው ላይ እያለ ሲፈለግ አይገኝም

ምክንያቱ የስም አጻጻፍ ነው። የእኛ ቦታዎች በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። «ብርሃን» የሚለውን አንዱ Birhan ሌላው Berhan ብሎ ይጽፈዋል፤ ጣርማበርም አንድ ቃል ሆኖም ሁለት ሆኖም ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፊደላት ብቻ ጻፉና ከሚመጣው ዝርዝር ምረጡ። አጣዬ እምቢ ካለ ኤፌሶን ብላችሁ ሞክሩ። «ሰሜን ሸዋ» ብሎ መፈለግ አይጠቅምም፤ በአማራም በኦሮሚያም ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ስላለ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን ሰው ወደ ፍቼ ሊመራው ይችላል።

በቁጥር ማስገባትም ይቻላል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን በአስርዮሽ ሲጻፍ ኬክሮሱ 9.68፣ ኬንትሮሱ 39.53 ግድም ነው። 9.68 ማለት 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ነው። ደቂቃውን እንደ አስርዮሽ ቆጥሮ 9.41 ያስገባ ሰው ወደ ደቡብ ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል።

ሳተላይት እየፈለገ ይቆያል

አዲስ ዕቃ፣ ወይም ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ፣ ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት መያዝ አለበት። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን መንገድ መረጃ ለመላክ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሁሉም ሳተላይቶች ዝርዝር ተሟልቶ እስኪደርስ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። መኪናው ሕንፃ ለሕንፃ እየሄደ ከሆነ መረጃው ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሰማይ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ላይ መኪናውን አቁማችሁ ሩብ ሰዓት ታገሡት።

መንገዱ በዋሻ በሚያልፍበት ጣርማበር ላይ ምልክቱ ሲጠፋ ጉሙን የሚወቅሱ አሉ። ጉም የሳተላይትን ምልክት አያግድም። የሚያግደው የዋሻው ጣሪያና ከመንገዱ ጎን የቆመው ገደል ነው፤ ከዋሻው ስትወጡ ተመልሶ ይመጣል። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ብረት ያለበት የፀሐይ መከላከያም ያግዳል፣ ዕቃውን ከእሱ ፈቀቅ አድርጉት። ስትገዙ ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ ወይም የአውሮፓውን ጋሊሊዮ የሚቀበለውን ምረጡ። እንደ ጀማ ያለ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ስለሆነ ሳተላይት በበዛ ቁጥር ይሻላል።

መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ባትሪው አይሞላም

ቻርጀሩን እዩት። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው፣ አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪኖች ግን 24። ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 12–24 የሚል ከሌለ የጭነት መኪና ላይ አትሰኩት፣ ይቃጠላል። የሚሰጠው ኃይልም 5 ቮልት፣ ቢቻል 2 አምፔር ይሁን።

ከመስታወቱ ይወድቃል

የመስታወት መያዣውን ላስቲክ አጣብቆ የሚይዘው የአየር ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የጠዋት ውርጭ ላስቲኩን ያደርቀዋል። ላስቲኩን መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ እስኪለሰልስ አሙቁት፣ የመስታወቱን ጤዛ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ተጭናችሁ ለጥፉት። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ መኪና ስታቆሙ ደግሞ ነቅላችሁ ከፀሐይ አርቁት፣ ሙቀት ባትሪ ይገድላል።

መጥፎ መንገድ ውስጥ ይከታል

ሴቲንጉ «አጭር መንገድ» ላይ ከሆነ ዕቃው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቁልቁለቱንና ጭቃውን አያውቅም። «ፈጣን መንገድ» ላይ አድርጉት፣ «ያልተነጠፈ መንገድ ይቅር» የሚል ምርጫ ካለውም አብሩት። ይህም ሆኖ በክረምት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ እንደሚወርደው ያለ መንገድ ሲመርጥላችሁ ቆም በሉና ከታች የመጣ ሾፌር ጠይቁ። ትናንት ናዳ መውረዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

የመድረሻ ሰዓቱ አይገጥምም

ዕቃው የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ለማወቅ 6 ቀንሱ። አሁንም ካልገጠመ የሰዓት ቀጠናውን ከግሪንዊች 3 ሰዓት በሚቀድመው ላይ አስተካክሉት።