ለኮራል አኳሪየም የሚሆን ዓሣ አመራረጥ፦ ከቀለሙ በፊት አፉን ይመልከቱ

የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ሕያው የባሕር ኮራል የሚያድግበት የጨው ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ዓሣ ሲገዛ የሚሠራው ስሕተት በቀላሉ አይታረምም። ኮራል የሚነክስ ዓሣ አንዴ በድንጋዮቹ መካከል ከተሸሸገ፣ እሱን ለማውጣት ለወራት ተጣብቆ ያደገውን ኮራል ከነድንጋዩ ማንሣት ግድ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ቢታመምም እዚያው ሊታከም አይችልም፤ ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ በሰፊው የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላልና። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት የሚደረገው ነው።

ሻጮች «ለሪፍ ተስማሚ» (ለኮራል ገንዳ የሚሆን) እያሉ የሚለጥፉት ምልክት ብዙ አይነግርም። ሊጠየቅ የሚገባው ዓሣው በባሕር ውስጥ ምን በልቶ እንደሚያድር ነው፤ የዚህም መልስ በአብዛኛው ከአፉ ይነበባል። የፓሮትፊሽ ጥርሶች እንደ በቀቀን መንቁር ገጥመው ድንጋይ ለመፋቅ የተሠሩ ናቸው። ትሪገርፊሽ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ የሚሰብር ጠንካራ መንጋጋ አለው። የብዙዎቹ ቢራቢሮ ዓሦች አፍ ሾጠጥ ያለና ፖሊፕ የሚባሉትን የኮራሉን ጥቃቅን ሕያው ክፍሎች አንድ በአንድ ለመልቀም የተመቸ ነው። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን የሚለቅሙት ዓሦች ግን ዐይናቸው ትልቅ፣ አፋቸው ትንሽና ወደ ላይ ያዘነበለ ስለሚሆን ኮራሉ ለእነርሱ መጠለያ እንጂ ምግብ አይደለም።

ለዚህ ቀይ ባሕርን የመሰለ መማሪያ የለም፤ በኤላት ወይም በጅዳ የሚኖር አንባቢ የመዋኛ መነጽር አድርጎ ዓሦቹን ሲበሉ በዐይኑ ሊያያቸው ይችላል። ጅራተ ጥቁሩ ቢራቢሮ ዓሣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ከአንዱ ኮራል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ፖሊፕ ሲለቅም ይውላል። ብርቱካንማ ቢጫ ገላው ማንንም ያማልላል፤ ሆኖም በአኳሪየም ውስጥ ወይ ኮራሉን ይጨርሳል ወይም ሌላ ምግብ አልቀበልም ብሎ በረሃብ ይሞታል። ይህን ዓሣ ማንም እንዳይገዛው እመክራለሁ። በአንጻሩ ደማቅ ሐምራዊው ኦርኪድ ዶቲባክ ከቋጥኝ ሥር ባለ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ የሚያልፈውን ጥቃቅን ፍጥረት እየጠበቀ ይይዛል እንጂ ኮራል አይነካም። ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሰው እጅ የተራባውን ማግኘት ስለሚቻልም ከባሕር የተያዘ መግዛት አያስፈልግም። ጉድጓዱን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ግን ፈሪ የሆኑት ዓሦች ከተላመዱ በኋላ በመጨረሻ ማስገባት ይሻላል።

ኮራሉን የማይጎዳ ዓሣ ሁሉ ለእርስዎ ገንዳ ይስማማል ማለት አይደለም። ሐምራዊው ታንግ አልጌ እየጋጠ ኮራሉን ከመሸፈን ያድነዋል፤ ነገር ግን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚያድግና ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ በመሆኑ ከ400 ሊትር ባነሰ ገንዳ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። አንቲያስ የተባለው ዓሣ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ስላለበት፣ ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው አይሆንም። ማንዳሪን የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ኮራሉን ፈጽሞ አይነካም፤ ሆኖም ዋና ምግቡ በድንጋይ ላይ የሚባዙ ኮፔፖድ የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሆኑ፣ አዲስና ትንሽ ገንዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ከስቶ ይሞታል። ላየንፊሽም እንዲሁ ኮራል አይበላም፤ አፉ የሚችለውን ዓሣና ሽሪምፕ ግን ይውጣል።

በመካከል ያሉት ትንንሾቹ ኤንጅልፊሾች ናቸው። ከአንድ ዝርያ አንዱ ዓመታት ያለ ጥፋት ሊኖር፣ ሌላው ግን ለወራት ከቆየ በኋላ ሥጋማ ኮራሎችንና ክላም የተባለውን ትልቅ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከንፈር መቆንጠር ሊጀምር ይችላል። ኮራሎችዎ ውድ ከሆኑ አይሞክሩት። ለጀማሪ በሰው እጅ የተራባ ጥንድ ኦሴላሪስ ክላውንፊሽ እመርጣለሁ፤ በባሕር የሚጠለልበት አኔሞን የተባለው እንስሳ ባይኖርም ይኖራል። ፋየርፊሽና የካሪቢያኑ ሮያል ግራማም ደኅና ናቸው፤ ፋየርፊሽ ሲደነግጥ ዘሎ ስለሚወጣ ገንዳው በመረብ መከደን አለበት። ለ200 ሊትር ገንዳ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ዓሦች ይበቃሉ።

ሱቅ ሲደርሱ ሻጩ ዓሣውን ፊትዎ እንዲመግበው ይጠይቁ። ጤነኛ ዓሣ ከበረዶ የቀለጠውን ማይሲስ የተባለ ጥቃቅን ሽሪምፕ እንዳየ ይወረወርበታል፤ ቢተፋው እንኳ ተመልሶ ይይዘዋል። ከዚያ ዓሣው ፊቱን ወደ እርስዎ ሲያዞር ከራሱ በላይ ያለውን ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሥጋው ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ሰርጎ ጀርባው እንደ ቢላ ከሾለ፣ ቆይቶ የተራበ ነውና ይተዉት። ስንጥባው በፍጥነት የሚርገበገበውን፣ ክንፉን ከገላው ያጣበቀውን ወይም የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትንም አይውሰዱ።

የተገዛው ዓሣ ወደ ኮራሉ ከመግባቱ በፊት ለብቻው በሆነ ባዶ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ፤ መዳብ የሚሰጠውም እዚያ ነው። አንዳንድ ሱቆች የውሃቸውን ጨው ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ መጀመሪያ የሱቁን ውሃ ለክተው የማቆያውን ውሃ ከእርሱ ጋር ያስተካክሉ፤ ከዚያም በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ኮራሉ ወዳለበት መጠን፣ ማለትም ወደ 1.025 ወይም 1.026 የውሃ አንጻራዊ ጥግግት (የጨው መጠን የሚታወቅበት ልኬት) ያድርሱት።

ኮራሉ ዘንድ ከገባ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራቅ ብለው ተቀምጠው ይመልከቱት፤ ሰው ሲቀርብ ዓሣ ጠባዩን ይለውጣል። ትናንት ፖሊፑን ዘርግቶ የነበረ ኮራል ዛሬ ተኮማትሮ ከዋለ ወይም ጫፉ ተቆንጥሮ ነጭ ከታየ፣ ዓሣውን ለመያዝ ሳምንት አይጠብቁ። በመረብ ማሳደዱ ኮራል ይሰብራል። ይልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ማጥመጃ ሳጥን ወለሉ ላይ ያስቀምጡና በሩን ሳይዘጉ ለሦስት አራት ቀን እዚያው ውስጥ ይመግቡት፤ መግባት መፍራቱን ሲተው በሩን ይዝጉበት።