የፍሬው ቀለም ሲያታልል

ሦስት ቀን ሙሉ ግራ አጋባኝ። ጠቆር ያለ ቀይ የዱር ፍሬ በሜታኖል ዘፍዝፌ አጣራሁና ኦክሳይድ መሆንን የሚከላከሉ ውህዶች (አንቲኦክሲደንት) እንዳሉት ለማየት ዲፒፒኤች በሚባል ኬሚካል ፈተንኩት። ፈሳሹን በጨመርኩ ቁጥር የአንቲኦክሲደንት ውጤቱ ይወርዳል። መጨመር ነበረበት እኮ! መጀመሪያ ሜታኖሉን ጠረጠርኩ። ቀየርኩት፤ ያው ነው።

ለካ ጉዱ ቀለሙ ላይ ነበር። ዲፒፒኤች ሐምራዊ ነው፤ አንቲኦክሲደንት ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይደበዝዛል። ይህንን መደብዘዝ በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት እንለካለን። የፍሬው ቀይ ቀለም (አንቶሲያኒን) ደግሞ እዚያው 520 አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ማሽኑ ምን ያድርግ? ሁለቱን ደምሮ ያነባል፤ እኔ «አልደበዘዘም» ብዬ እተረጉማለሁ።

መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ኩቬት (ፈሳሹ ተደርጎ የሚለካበት ትንሽ ብርሃን አሳላፊ ዕቃ) ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መጠን፣ ያንኑ ፈሳሽ ዲፒፒኤች በሌለበት ሜታኖል ለካሁና ከንባቡ ቀነስኩ። የግራፉ መስመር ወደ ላይ ወጣ። የትኛው ውህድ እንደሆነ ለመለየት ግን የኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ወረፋ እየጠበቅኩ ነው።